«አየኝ» ብላችሁ አትሻገሩ፦ የጎንደር የሌሊት ግንባታና ማሽኖቹ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ከፒያሳ ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ከፊቴ አንዲት እናት ይሄዳሉ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ በላዩ ጋቢ ደርበው ጆሯቸው ድረስ ተከናንበዋል። ኪዳን ሊደርሱ ነው። መንገዱ ግማሹ ተቆፍሯል፣ በቀረው ግማሽ ላይ ሎደር አፈር እያፈሰ ሲኖ ላይ ይጭናል። እናቲቱ ቆም አሉ። የሎደሩን መብራት አዩት። ከዚያ በፊት ለፊቱ ሰተት ብለው ገቡ። ሎደሩ ባኬቱን፣ ማለትም የአፈር ማፈሻውን፣ ሞልቶ ከፍ አድርጎ ነበር፤ ኦፕሬተሩ ከባኬቱ ወዲያ ያለውን ነገር የሚያይበት መንገድ የለውም። የሲኖው ረዳት ጮኸ፣ ካሶኒውን፣ የጭነት ሳጥኑን፣ በመዳፉ ደበደበው፣ ሎደሩ ሲጥ ብሎ ቆመ። ሁለት ሜትር ቢቀረው ነው።

ሮጬ ደረስኩ። «እማማ፣ ደህና ነዎት?»

«ምን ሆንኩ ልጄ? መብራቱ እኮ እኔው ላይ ነበር። እያየኝ ነው ብዬ ነው የገባሁት።»

ይህቺ መልስ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። መንገድ ሥራ ላይ ለዓመታት በፎርማንነት ሠርቻለሁ፣ ብዙ ሌሊት ከማሽን ጋር አድሬያለሁ። ካየኋቸው ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች ውስጥ አብዛኞቹ የመጡት ከዚህችው ሐሳብ ነው። እግረኛው «አየኝ» ይላል። ኦፕሬተሩ ደግሞ «ሰው ቢኖር አየው ነበር» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ጎንደር አሁን በግንባታ ላይ ናት። የኮሪደር ልማቱ አለ፣ የመንገዱ ሥራ አለ፣ የግለሰብ ሕንፃ አለ። «ሌት ተቀን እየተሠራ ነው» የሚለውን ቃል በየስብሰባው እንሰማዋለን። ሌሊት መሥራት በራሱ ጥፋት አይደለም። ቀን ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ገበያተኛው፣ ተማሪው ሁሉ የሚተላለፍበትን መንገድ ሌሊት መቆፈር ምክንያት አለው። ግን የሌሊት ሥራ የቀን ሥራ ሲደመር አምፖል አይደለም። ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ዝግጅቱም፣ ፍጥነቱም፣ ሰውም፣ ዋጋውም ሌላ መሆን አለበት።

ከዓይን ልጀምር፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው።

ጨለማ ውስጥ የቆመ ሰው የመኪና መብራትን ከሩቅ፣ ሜዳ ከሆነ ከኪሎ ሜትር በላይ፣ ያየዋል። ሾፌሩ ግን ጥቁር ወይም ቡናማ ልብስ የለበሰ እግረኛን በአጭር መብራት የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 30 ሜትር ላይ ሲደርስ ነው። ነጭ ነጠላ ከዚህ ይሻላል፣ ቢሆንም ብዙ አይደለም፣ ዝናብ ከነካው ወይም አቧራ ከጠጣ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። በደንብ የሚያንጸባርቅ ልብስ የለበሰ ሰው ግን ከ150 ሜትር በላይ ሊታይ ይችላል። ልዩነቱን ልብ በሉ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። የተጫነ ሲኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። ይህ ብዙ ሰው «ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» የሚለው ፍጥነት ነው። በሰከንድ 11 ሜትር ማለት ነው። ሾፌሩ አይቶ፣ ምን እንደሆነ ገብቶት፣ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ብንሰጠው እንኳ 17 ሜትር ገደማ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ነው ፍሬኑ የሚይዘው። ጭቃ የተለቀለቀ እርጥብ አስፋልት ከሆነ ለመቆም ሌላ 18 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 35 ሜትር። ሰውየው የታየው በ25 ሜትር ነበር። በሰዓት 20 ቢሄድ ግን ይኸው መኪና በ13 ሜትር ግድም ይቆማል። ሳይት ውስጥ ሌሊት ከ20 በላይ አትሂዱ የምንለው ሾፌር ለማስመረር አይደለም። ሒሳቡ ሌላ መልስ ስለሌለው ነው።

በዚህ ላይ ዓይን ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለማ የገባ ዓይን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። የጎንደርን መንገድ አስቡት። ፒያሳና ፋሲል ግቢ አካባቢ መብራቱ ደማቅ ነው። ትንሽ ወረድ ስትሉ ጨለማ፣ እንደገና ሆቴል በር ላይ ብርሃን፣ እንደገና ጨለማ። ወደ አዘዞ የሚወርድ ሾፌር ዓይኑ አንዱንም ሳይለምድ ነው የሚደርሰው። ዕድሜም አለ። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛው ክፍል ላይ የሚደርሰው ብርሃን ለ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንጋፋ ኦፕሬተር ልምዱ ቢበልጥም ከወጣቱ የበለጠ ብርሃን ሊሰጠው ይገባል። ይህን ነግሬው የተቆጣኝ አዛውንት አለ፣ በኋላ ግን ራሱ መጥቶ ተጨማሪ መብራት ጠይቆኛል።

ስልክስ? ኦፕሬተሩ ሲኖ እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ብሎ ስልኩን ያያል። ያ ደማቅ ስክሪን የለመደውን ጨለማ ያስረሳዋል። ቀና ሲል ለጥቂት ጊዜ ጥግ ጥጉን አያይም። የጋቢናው ውስጥ መብራት ከበራ ደግሞ መስታወቱ መልሶ የራሱን ፊት ነው የሚያሳየው። አንዳንድ ሲኖ ላይ ጋቢናው ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሰቀላል፣ የፊት መስታወቱ ግማሽ በስቲከርና በጌጥ ይሸፈናል። መኪናውን መውደድና ማስጌጥ ጥሩ ነው። ግን ሌሊት ለሚሠራ መኪና ያ ጌጥ መውረድ አለበት፣ ቢያንስ ሹፌሩ ከሚያይበት በኩል።

ስለ አንጸባራቂ ሰደርያ የምለው አለኝ፣ ትንሽ ልቆይበት።

ሳይት ላይ የምናየው ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሰደርያ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ጨርቁ ነው። ያ የሚጮህ ቀለም የሚሠራው በቀን ብርሃን ነው፤ በፀሐይ ውስጥ ያለውን የማይታይ ጨረር ወደሚታይ ቀለም ስለሚቀይረው ነው ያን ያህል የሚደምቀው። ሌሊት ይህ ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ብርማው ጥብጣብ ነው። ሌሊት የሚያድነው እሱ ነው። የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ መጣበት፣ ወደ ሾፌሩ ዓይን፣ ይመልሰዋል። ስለዚህ የመኪናው መብራት ካልበራ፣ ወይም ጥብጣቡ በጭቃ ከተሸፈነ፣ ሰደርያው ተራ ጨርቅ ነው።

ገበያ ላይ ደግሞ ብር የሚመስል ግን የማይመልስ ጥብጣብ የተሰፋበት ርካሽ ሰደርያ ሞልቷል። መለየት ቀላል ነው። ሰደርያውን ጨለማ ክፍል ውስጥ ስቀሉት፣ አሥር እርምጃ ያህል ራቁ፣ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከዓይናችሁ ጎን ያዙት። ጥብጣቡ እንደ ድመት ዓይን ቦግ ካለ ይሠራል። ግራጫ ሆኖ ከቀረ አትግዙት። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ያደረግኩት ከተከፋፈለ በኋላ ነበር። ለሠራተኛ ከሰጠነው ውስጥ ግማሽ ያህሉ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ለሁለት ወር ያህል ልጆቹን «ልበሱ፣ ልበሱ» እያልኩ ስቆጣቸው የነበረው የማይሠራ ነገር ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የጎንደር ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። ዘበኛው፣ ምልክት ሰጪው፣ የቀን ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ሰደርያውን ይለብስና በላዩ ጋቢ ወይም ጃኬት ይደርባል። በቃ፣ ሰደርያው ጠፋ። ይህን በየሳይቱ አይቻለሁ፣ አሁንም አያለሁ። መፍትሔው «ጋቢህን አውልቅ» ብሎ መጮህ አይደለም፣ ሰውየው በርዶታል። መፍትሔው ሰደርያውን ሰፋ አድርጎ ገዝቶ ከጃኬት በላይ እንዲለበስ ማድረግ ነው። ጥብጣቡን ቆርጦ ቁርጭምጭሚትና የእጅ አንጓ ላይ ማሰርም በጣም ይረዳል። ደረት ላይ ያለ ብልጭታ በርሜልም ሊመስል ይችላል፤ የሚራመድ እግርና የሚወዛወዝ እጅ ላይ ያለ ብልጭታ ግን ሰው መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ወደ ፓውዛው እንሂድ። ብዙ ሳይት ላይ «መብራት አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ «አለ» ይባላል፣ ነገሩ ያልቃል። ጥያቄው ግን የት ነው የተተከለው፣ ወዴት ነው ያየው የሚለው ነው። ፓውዛ ዝቅ ብሎ፣ በሰው ቁመት ግድም፣ ወደ ፊት አፍጦ ሲተከል ከጀርባው ያለውን ጨለማ ያጠቁረዋል። የሚመጣውን ሾፌርም ያሳውረዋል። ኦፕሬተሩ ሲዞር ሁሉ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ወደ ታች ሲያይ ግን ያው አምፖል ሰፊ ቦታ ያበራል፣ ጥላውም ያጥራል። ሁለት መብራት ከሁለት ወገን ሲሆን ደግሞ ማሽኑ በራሱ ጥላ ሰው አይደብቅም። ጥላ ውስጥ የቆመን ሰው ማንም አያየውም፤ ሌሊት ከሙሉ ጨለማ ይልቅ የምፈራው የብርሃንና የጥላን ድንበር ነው።

ሌላው አገር ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ደንብ ለቁፋሮና ለመመላለሻ ቦታ ቢያንስ 32 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ፣ ለአጠቃላይ የግንባታ ቦታ መብራት ደግሞ 54 ሉክስ ገደማ ይጠይቃል። ለማነጻጸር ያህል ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠው ሩብ ሉክስ ያህል ነው። ስልክ ላይ ሉክስ የሚለካ መተግበሪያ በነፃ ይገኛል፤ ልክ እንደ መሣሪያው ትክክል ባይሆንም 5 ይሁን 50 ግን ይነግራችኋል። ከሱ የሚሻለው ፍተሻ ደግሞ ይኸው፦ መብራቱ ከተተከለ በኋላ ፎርማኑ መኪና ይዞ ከሁለቱም አቅጣጫ በሳይቱ አጠገብ ይለፍ። ዓይኑን ከወጋው ሕዝቡንም ይወጋዋል። አዙሩት።

አሁን የማልረሳትን ሌሊት ልንገራችሁ። የኮንትራክተሩን ስም አልጠራም። ሥራው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ጀነሬተር ነዳጅ ይፈጃል ተብሎ ፓውዛው ከመስመር መብራት ጋር ተገናኝቶ ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሎደሩ ያን ጊዜ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። የሎደሩ የኋላ መብራት አንዱ የተቃጠለ ነው፣ ሌላው ጭቃ ለብሷል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ጥቁር ሆነ። ልጁ፣ ምልክት ሰጪው፣ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና!» ይል ነበር። ባለመደው መንገድ ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የተማርነው። ኦፕሬተሩ የመጨረሻውን «ና» ሰምቷል። ልጁ መብራቱ ሲጠፋ «ቁም» አለ፣ ግን ሞተሩ ዋጠው። ወደ ጎን ሲዘል ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ያ ጉድጓድ ነው ያዳነው። ክንዱ ተሰበረ፣ ጎማው በላዩ በኩል አለፈ።

ጥፋቱ የማን ነው? የብዙዎች ነው፣ የእኔም አለበት። ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ሦስት ነገር በየሳይቴ ለወጥኩ። አንደኛ፣ ምልክት በድምፅ መሆኑ ቀረ። «ና ና» እና ካሶኒ መደብደብ ቀን ጠባብ ግቢ ውስጥ ይሠራ ይሆናል፣ ሌሊት ሞተርና ጀነሬተር በሚጮህበት አይሠራም። ምልክት ሰጪው ሁለት ባትሪ ይይዛል፣ አረንጓዴና ቀይ። አረንጓዴውን እያወዛወዘ ሲታይ ብቻ ይመጣል። ቀይ ከታየ ይቆማል። ምንም ካልታየ ይቆማል። ዋናው ቁልፍ ይህ ሦስተኛው ነው። ድሮ «ቁም» እስኪባል ይኬድ ነበር፤ አሁን «ና» የሚለው ብርሃን ከጠፋ መቆም ነው። ሁለተኛ፣ መብራት ከሄደ ሁሉም ማሽን ባለበት ይቆማል፣ ባኬቱን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ አራቱንም ፍሬቻ ያበራል፣ ሰው እስኪቆጠር አይንቀሳቀስም። ሦስተኛ፣ ምልክት ሰጪው ከማሽኑ ቀጥታ ኋላ መቆም ተከለከለ። በሾፌሩ በኩል፣ በስፖኪዮ ሊታይ በሚችልበት ጎን ይቆማል። ስፖኪዮው ውስጥ ካልታየ ማሽኑ አይንቀሳቀስም።

የማይታየው ቦታ ከማሽን ማሽን ይለያያል፣ ሕዝቡም ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ሎደር ከኋላው ያለው ትልቅ ሞተር ይጋርደዋል፣ ከፊት ደግሞ ባኬቱ ከፍ ሲል። ኤክስካቫተር፣ ቆፋሪው ማሽን፣ ጋቢናው በግራ ስለሆነ በቀኝ በኩል ክንዱ ይጋርደዋል፤ ሲዞር ደግሞ የኋላ ክብደቱ ከሰንሰለቱ ውጪ ወጥቶ በጎኑ የቆመን ሰው ከግድግዳ ጋር ያጣብቃል። ሲኖ ከፊት ለፊቱ አፍንጫው ሥርና በቀኝ በሩ ሥር ያለን ሰው አያይም። ልጅ ከሆነ ጨርሶ። ሮለር፣ መንገድ የሚደመድመው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚመላለስ «ሄደ» ብላችሁ ከኋላው ስትገቡ ይመለሳል።

ወደ ኋላ ሲሄድ «ቲት ቲት» የሚለው ድምፅስ? ሌሊት ጎረቤት ይረበሻል፣ ሰው ይጮኻል፣ ኦፕሬተሩ ሽቦውን ይነቅለዋል። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። ሕፃን ያስተኛች እናት ሌሊቱን ሙሉ ያን ስትሰማ ማደር የለባትም። ግን መንቀል መልስ አይደለም። «ቲት» ሳይሆን «ሽሽሽ» የሚል፣ እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ የሚያወጣ ሌላ ዓይነት አለ። ከሩቅ ብዙ አይሰማም፣ ቅርብ ላለው ሰው ግን ከየት እንደመጣ በደንብ ይለያል። እሱ እስኪገዛ ድረስ መኪናው ወደ ኋላ መሄድ በማያስፈልገው መንገድ ሥራውን ማቀድ ነው፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው መውጣት። እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ወደ ኋላ የማይሄድ ማሽን ከኋላው ያለን ሰው አይጨፈልቅም። ቦታው ጠቦ የግድ ወደ ኋላ ከሆነ ግን ወይ ድምፁ ይሠራል፣ ወይ ሰው ቆሞ ይመራዋል። ሁለቱም ከሌሉ ማሽኑ ይቁም።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሌሊትም አያባራም፣ ንጋት ላይ ደግሞ ጉሙ ይወርዳል። ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ሲወጣ፣ ከዚያ ሊማሊሞ ላይ፣ ጉሙ መንገዱን የሚውጥበትን ሰዓት የጎንደር ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ያበራል። የተገላቢጦሽ ነው። ጉም ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው፤ ረጅሙ መብራት እሱ ላይ ያርፍና ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል፣ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። አጭሩን ማብራት ነው። ዝቅ ብሎ የተገጠመ የጉም መብራት ካለ እሱን። ፓውዛም ጉም ውስጥ እንዲሁ ነው፣ ከፍ ያለው ፓውዛ ሳይቱን ወተት ያደርገዋል። በጋ ላይ ደግሞ አቧራው ያንኑ ያደርጋል፤ ሁለት ሲኖ ተከታትለው ካለፉ ሦስተኛው በአቧራ ውስጥ ነው የሚነዳው። ውሃ ቦቴው ከመምሸቱ በፊት መንገዱን ይርጨው፣ በመኪኖቹ መካከልም ርቀት ይኑር። እኔ የያዝኩት ልማድ አንድ ነው፦ ሳይቱ ላይ በ50 ሜትር ርቀት የታወቀ ነገር፣ በኖራ የተቀባ በርሜል ይሁን ምሰሶ፣ ይቆማል። እሱ ከማሽኑ ላይ ሆኖ መታየት ካቆመ ሥራው ይቆማል። «ትንሽ እንይ፣ ይገፈፋል» የሚል ክርክር አያስፈልግም።

መብራትና መስታወትን ማጽዳትም እንዲሁ። አንድ ባልዲ ውሃና ጨርቅ ማሽኑ አጠገብ ይቀመጥ። በየሰዓቱ ረዳቱ የፊትና የኋላ መብራቱን፣ ስፖኪዮውን፣ አንጸባራቂውን ይጥረግ። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ ያለቀ ከሆነ ማሽኑ ያን ሌሊት አይወጣም።

ጭቃ ካልኩ አይቀር ጠርዙን ላንሳ። አዘዞና ከዚያ ወዲያ ወደ ደምቢያ ያለው ሜዳ መረሬ ነው። ጥቁር አፈር ደረቅ ሲሆን ድንጋይ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፣ የጉድጓድ አፍ ይዞ ይወርዳል። ቀን ስንጥቁን ታያላችሁ፣ ሌሊት አታዩትም። ስለዚህ ጉድጓዱ ሁለት ሜትር ከጠለቀ ማሽኑም ቢያንስ ሁለት ሜትር ከአፉ ይራቅ፣ ጠርዙም የሚያንጸባርቅ ነገር ይተከልበት።

የመብራት ገመድ ደግሞ ከላይ ነው፣ ሌሊት ፈጽሞ አይታይም። በከተማችን መንገድ ዳር የሚያልፈው መስመር 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ሊሆን ይችላል። ሲኖው ካሶኒውን አንስቶ ሲደፋ፣ ወይም የኤክስካቫተሩ ክንድ ሲነሳ፣ ከሱ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ገመድ ከነካ ኦፕሬተሩ አይውረድ። ጋቢናው ውስጥ ይቆይ፣ ሌላውም ሰው አይጠጋ፣ መስመሩ እስኪቋረጥ። እሳት ተነስቶ የግድ ከሆነ ብቻ፣ ማሽኑንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል፣ እግሩን ሳያነሳና ሳይለያይ እየጎተተ ይራቅ። ይህን ለእያንዳንዱ ኦፕሬተር ቀን ላይ በተግባር አሳዩት፤ በድንጋጤ ሰዓት የሚታወሰው በእግር የተለማመዱት ነው።

እንቅልፍ። ስለዚህ ነገር በግልጽ አይወራም። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል እንደሚዳከም አሳይቷል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ኦፕሬተር ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እዚያ ደርሷል። ሥራው ግን ገና እየሞቀ ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ደግሞ ሰውነት በተፈጥሮው የሚወርድበት ነው። ብዙዎች ያን ሰዓት በጫት ለማለፍ ይሞክራሉ። ጫት ዓይንን ያፈጥጣል፣ ድካሙን ግን አያነሳውም፤ ድካሙ ተደብቆ ይቆይና ሲለቅ በአንዴ ይወድቅባችኋል፣ ያውም መሪ እንደያዛችሁ። እኔ ማንንም ልወቅስ አይደለም። ቀን የሠራን ሰው ሌሊት የሚያሠራው ክፍያውና ጊዜ ገደቡ ነው።

ሕጉ ግን አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ይወስናል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያው የመደበኛው 1.75 እጥፍ ነው። ኦፕሬተሮች ይህን ቁጥር ያዙት። አሠሪዎችም፣ አንድን ሰው ቀንና ሌሊት ከምታሠሩ ሁለት ሰው ቅጠሩ፤ የሌሊቱ ሰው ቀን ተኝቶ ይምጣ።

የመጨረሻው የመንገዱ አጥር ነገር ነው። እኛ አገር ምልክቱ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ይደረደራል፣ ቅርንጫፍ ይጣላል፣ ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ሌሊት ያ ድንጋይ ራሱ አደጋ ነው፣ ባጃጅ ገልብጧል። ድንጋይ የግድ ከሆነ በኖራ ይቀባ፣ ጠዋት ደግሞ ይነሳ። የተሻለው ባዶ በርሜል ላይ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ መጠቅለል ነው፤ ለእግረኛ ደግሞ ከማሽኑ ተለይቶ የታጠረ፣ መብራት ያለበት፣ ጉድጓድ ላይ ከተሻገረ መያዣ ያለው መተላለፊያ መስጠት። የጎንደር ሌሊት ባዶ አይደለም። ማኅሌት የሚሄድ አለ፣ ሱብሂ የሚሰግድ አለ፣ ከገጠር እንጨት ተሸክማ ለገበያ የምትገባ አለች፣ የቆሎ ተማሪ አለ፣ ከሆስፒታል አዳሪ የሚመለስ አስታማሚ አለ። በ44 ታቦት የምትጠራ ከተማ ውስጥ «በዚህ ሰዓት ሰው የለም» ብሎ ሥራ ማቀድ አይቻልም።

እግረኛም ከሆናችሁ፣ ባኬቱ መሬት እስኪነካ ወይም ምልክት ሰጪው በባትሪ እስኪጠራችሁ ቁሙ። ጋቢያችሁን ከጆሯችሁ ላይ ትንሽ ገለጥ አድርጉት። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ወደ እግራችሁ ያዙት፣ ወደ ኦፕሬተሩ ዓይን ሳይሆን። መተላለፊያ ከሌለ ዘበኛውን ወይም ፎርማኑን ጥሩና «በየት ልለፍ?» በሉት፤ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

እኚያን እናት ከሳምንት በኋላ እዚያው አገኘኋቸው። በርሜሎቹ ተደርድረዋል፣ ጥብጣባቸው ያበራል። ምልክት ሰጪው ልጅ ቀዩን ባትሪ ወደ ሎደሩ አነሳ። ባኬቱ ወርዶ መሬቱን ነካ፣ ሞተሩ ዝግ አለ። «ይለፉ እማማ» አላቸው። እሳቸው ግን ቆመው ጠበቁ፣ ኦፕሬተሩ ከጋቢናው እጁን እስኪያወጣላቸው ድረስ።